የመቅደላው ቤተ መጻሕፍትና የእኛ ሃርድ ዲስክ

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ጎንደር ፒያሳ ከሚገኝ ቡና ቤት አስቀምጦ ምክር ጠየቀኝ። ልጁ ከውጭ ገንዘብ ልኮለታል፤ በዚያ ገንዘብ የቤተሰቡን ፎቶግራፍ፣ ሰነድና ቪዲዮ የሚያስቀምጥበት ሰርቨር ለቤቱ ሊገዛ አስቧል። «አራት ሃርድ ዲስክ የሚይዘውን ልግዛ ወይስ ሁለት የሚይዘው ይበቃኛል?» አለኝ። ስለ ምርጫ፣ ስለ ሕገ መንግሥትና ስለ ኑሮ ውድነት ስጽፍ የለመዳችሁ አንባቢያን «ደግሞ ይህ ሰው ዛሬ ኮምፒዩተር ሻጭ ሆነ እንዴ?» ትሉ ይሆናል። አልሆንኩም። የወዳጄ ጥያቄ ግን ከተለመደው ርእሰ ጉዳዬ የራቀ አይደለም። አንድ ሕዝብ ማስታወሻውን የት ያስቀምጥ? በማን እጅ? ስንት ቦታ? እነዚህ በጎንደር ምድር ከአንድም ሁለት ጊዜ በእሳት የተጠየቁ ጥያቄዎች ናቸው።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አስዘርፈው ሲያቃጥሉ ከአብያተ ክርስቲያናቱ የወጡት የብራና መጻሕፍት መጨረሻቸው መቅደላ ሆነ። የንጉሡ ሐሳብ በመድኃኔ ዓለም ስም ለሚያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ታላቅ ቤተ መጻሕፍት ማደራጀት ነበር። ሐሳቡ ክፉ ነው ለማለት አልደፍርም። አምባው በገደል የታጠረ፣ በመድፍ የተጠበቀ፣ በዘመኑ ዓይን ከአገሩ ሁሉ አስተማማኙ ቦታ ነበረ። ነገር ግን ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የናፒየር ጦር አምባውን ሲይዝ ከብዙ ደብር የተሰበሰበው ሀብት በአንድ ቀን በአንድ እጅ ገባ። ዘረፋውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና ወደ 200 የሚጠጋ በቅሎ እንዳስፈለገ ተጽፏል። ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላከው ሪቻርድ ሆምስ ከጦሩ ጋር ስለነበረ ምርጥ ምርጡን ለሙዚየሙ ገዛ፤ 350 ያህሉ ብራና ዛሬ ለንደን ብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ ይገኛል። ስለ ዘረፋው የሚገባንን ያህል ጮኸናል፤ ወደፊትም መጮኽ ይገባናል። ሳንናገር የምናልፈው ግን አንድ ነገር አለ፤ ዘራፊው የቀለለው መጻሕፍቱ ሁሉ ተሰብስበው ስለጠበቁት ነው።

ከዚያ ወዲህ 20 ዓመት ቆይቶ በ1880 ዓ.ም. ደርቡሽ ጎንደር ገባ። በዚያ እሳት ስንት አብያተ ክርስቲያናት እንደነደዱ የጎንደር ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ደብረ ብርሃን ሥላሴን ንቦች አዳኑት ይባላል። እኔ ንቦቹን አልጠራጠርም፤ ጥርጣሬዬ ለሁሉም ደብር ንብ አለመድረሱ ላይ ነው።

የተሻለውን መንገድ ያሳዩን ሰዎች የመጡት ዘግይተው ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀመረ። ብራናው ከደብሩ አይነቀልም፤ ይነሣል፤ አንዱ የፊልም ቅጂ አዲስ አበባ ይቀራል፤ ሌላው አሜሪካ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል ወደሚገኘው ገዳም ቤተ መጻሕፍት ይሄዳል። በዓመቱ አብዮት ፈነዳ፤ የእርስ በርስ ጦርነት ቀጠለ፤ ሥራው ግን ወደ 9 ሺህ የሚጠጋ መጽሐፍ አነሣ። የካታሎጉ ዋነኛ አዘጋጅ የነበሩት፣ በ2013 ዓ.ም. ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን ያዋሉበት ሥራ ይኸው ነው። ሦስት ቦታ ማለት ነው፤ ደብሩ፣ አዲስ አበባ፣ ሚኒሶታ። አንዱ ቢነድ ሁለቱ ይናገራሉ። ፎቶግራፍ አንሺው ፒተር ክሮግ ከብዙ ዓመት በኋላ «ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ፣ አንዱ ከቤት ውጭ» ብሎ ያስፋፋውን ደንብ እነዚህ ሰዎች ስም ሳይሰጡት ሠርተውበታል።

ይህን ሁሉ ለወዳጄ ከመንገሬ በፊት የራሴን ጥፋት ነገርኩት። ለእናንተም ልንገራችሁ።

በደርግ ዘመን አጎቴ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ተሰደደ። ያን ጊዜ ብዙ ስደተኛ ደብዳቤ ከመጻፍ ይልቅ ድምፁን በካሴት ቀርጾ በሰው እጅ ይልክ ነበር። ዳባት ያለው ቤተሰባችን እነዚያን ካሴቶች ተሰብስቦ ይሰማል፤ ያለቅሳል፤ ከዚያም መልሱን ቀርጾ ይልካል። 37 ካሴት ተጠራቅሞ ነበር። ከዓመታት በፊት ሁሉንም ወደ ኮምፒዩተር አስገባሁና በአንድ ትልቅ ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀመጥኩ። ሥራው ተጠናቀቀ ብዬ ኮራሁ። አንድ ሌሊት መብራት ሄዶ ሲመለስ በኃይል መጣ። የዲስኩ ቻርጀር ግድግዳው ላይ እንደተሰካ ነበር፤ እሱም ተቃጠለ፤ ዲስኩንም ይዞት ሄደ። አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ከፊቱ በባሰ ሁኔታ መለሱልኝ። ወደ ካሴቶቹ ስመለስ 11ዱ ክራቸው ተጣብቆና ተበጣጥሶ አገኘሁ። አያቴ ለልጇ የላከችው የመጨረሻ ቃል ከአሥራ አንዱ በአንዱ ላይ ነበረ። ጎንደርን ያቃጠለ ጦር አልነካውም። እኔ ነኝ መቅደላ ያደረግኩት።

«ታዲያ ኢንተርኔት ላይ ማስቀመጥ አይሻልም?» የሚል አይጠፋም። ክላውድ የሚሉት ነገር ጥሩ ነው፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ሆኖም ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀ ሰሞን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሳይመለስ ቆይቷል። በእነዚያ ወራት የቤቷን ካርታ ቅጂ ኢሜይሏ ውስጥ ያስቀመጠች አንዲት ዘመዴ ለአንድ መሥሪያ ቤት ማቅረብ ሲኖርባት ሰነዷ ካሊፎርኒያ ቁጭ ብሎ እሷ ጎንደር ቁጭ ብላ ቀረች። ከዚያ በፊት በዚያው ዓመት ከየካቲት ጀምሮ ቴሌግራም በመላ አገሪቱ ለወራት ታግዶ ነበር፤ የእኛ ሰው ደግሞ ከመመረቂያ ጽሑፉ እስከ ሠርግ ቪዲዮው ድረስ ያለውን ሁሉ ቴሌግራም ላይ ነው የሚጥለው። ዛሬ ከአንድ በላይ የቴሌኮም ድርጅት አለ፤ ማብሪያ ማጥፊያው ግን አሁንም አንድ ነው። መንግሥት ኢንተርኔት እንዳይዘጋ መጠየቅ የዜጋ መብት ነው፤ ጥያቄው እስኪመለስ ድረስ የራስን ሰነድ በራስ ቤት ማስቀመጥ ደግሞ የዜጋ ብልኃት ነው። ሁለቱ አይጣሉም።

እንግዲህ ወደ ዕቃው ልመለስ። ገዢው ሁሉ የሚጀምረው «ስንት ቴራባይት?» ብሎ ነው። በእኔ አስተያየት እኛ አገር መጀመር ያለበት ከመብራት ነው። የህዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ እሰየው፤ ኩራታችን ነው። ግድቡ ያመነጨውን ኃይል ግን ሰፈራችን ድረስ የሚያመጣው ያው አሮጌ ትራንስፎርመርና ያው የዘመመ ምሰሶ ነው። አራት ዲስክ የሚይዝ ሰርቨር የሚገዛ ሰው ከዚያ በላይ ስታብላይዘርና ዩፒኤስ ሊገዛ ነው፤ የዩፒኤሱ ባትሪ ደግሞ በጥቂት ዓመት ይሞታል፤ መሞቱም የሚታወቀው መብራት በሄደ ዕለት ነው።

ስለዚህ ለወዳጄ ያቀረብኩለት ሐሳብ አሳቀው፤ ያገለገለ የቢሮ ላፕቶፕ ግዛ አልኩት። ቲንክፓድ ወይም ላቲቲዩድ የሚባሉት፣ ከውጭ መሥሪያ ቤቶች ተሰናብተው አዲስ አበባ የሚራገፉት ዓይነት። ላፕቶፕ ማለት ዩፒኤስ በሆዱ የያዘ ሰርቨር ነው። መብራት ሲሄድ አይደነግጥም፤ ሲመለስም ጉዳቱን መጀመሪያ የሚቀበለው ቻርጀሩ ነው፤ ቻርጀር ደግሞ ይተካል። ስክሪንና ኪቦርድ አብሮት ስላለ ሲበላሽ ተቆጣጣሪ ፍለጋ አትሯሯጡም። ያለ ብዙ ሥራ ሲቆይ 15 ዋት ገደማ ይበላል፤ ይህም በወር 11 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። 70 ዋት የሚበላ ባለ አራት ዲስክ ሣጥን ግን 50 ይደርሳል። ከ2017 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ የመብራት ታሪፍ በየሦስት ወሩ ከፍ እንዲል ተወስኗልና ልዩነቱ የኪስ ጉዳይ ነው። ያረጀ ባትሪ ሊያብጥ ስለሚችል ሁልጊዜ እስከ ጫፍ እንዳይሞላ ከ80 በመቶ እንዲቆም ማድረግ፣ በየጊዜውም ሆዱን መዳሰስ ያስፈልጋል። በላዩ ሊኑክስ ይጫናል፤ ዴቢያን ይበቃል፤ በድረ ገጽ ማዘዝ የሚመርጥ ኦፕንሚዲያቮልትን ይጨምርበታል። ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ።

ባለሙያ አንባቢዎቼ «ኢሲሲ ሜሞሪ የሌለው ሰርቨር ሰርቨር ነው?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። እውነታቸውን ነው፤ በላፕቶፕ ውስጥ እሱ የለም። ነገር ግን ከኮከብ በመጣ ጨረር አንዲት ቢት ተገልብጣ ፎቶ የተበላሸበት ጎረቤት አላውቅም፤ በመብራት መቃጠል የከሰረ ጎረቤት ግን በየመንገዱ አለ።

ዲስኩስ? ትንሹን፣ ባለ ሁለት ተኩል ኢንቹን፣ ኃይሉን ከላፕቶፑ በዩኤስቢ የሚወስደውን እመርጣለሁ። ምክንያቴ የካሴቶቼ ሞት ነው። ትልቁ ዲስክ ለብቻው ግድግዳ ላይ ይሰካል፤ ላፕቶፑ በባትሪ ሲተርፍ እሱ ብቻውን ይቀመሳል። ትንሹ ግን የላፕቶፑን ባትሪ ተጠልሎ ይኖራል። እርግጥ ትናንሾቹ ዲስኮች አብዛኞቹ መረጃን እንደ ጣሪያ ክዳን እላይ በላይ ደርበው የሚጽፉ ናቸው፤ የተጻፈውን ሲያድሱ ይንቀራፈፋሉ። አንድ ጊዜ ጽፎ ለሚያስቀምጥ ቤተሰብ ይህ ችግር አይደለም። ችግር የሚሆነው ብዙ ዲስክ አንድ ላይ በሬይድ ለሚያስር ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ዌስተርን ዲጂታል ለቤት ሰርቨር ብሎ በሚሸጣቸው አንዳንድ ሬድ ዲስኮች ውስጥ ይህንኑ አሠራር ሳይናገር ማስገባቱ ተጋልጦ ነበር፤ ከፍለው የገዙ ሰዎች የሞተ ዲስክ ሲተኩ መልሶ ግንባታው አልሳካ ብሏቸው ነው ነገሩ የወጣው።

ስለ ሬይድ አንድ ቃል። ሁለት ዲስክ ጎን ለጎን ተመሳሳይ ነገር ቢጽፉ አንዱ ሲሞት ሥራ አይቋረጥም። ለባንክ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በስሕተት የተሰረዘ ፋይል ግን ከሁለቱም እኩል ይሰረዛል፤ ሌባ ሣጥኑን ሲያነሣ ሁለቱንም ያነሣል፤ መብራትም ሲመጣ ሁለቱን በአንድ ምት ነው የሚያገኛቸው። ሬይድ አምባውን በእጥፍ ማጠር እንጂ ሁለተኛ ደብር መትከል አይደለም። የወዳጄ አራት ዲስክ ሣጥን መልሱ እዚህ ላይ ነው፤ በሣጥኑ ዋጋ አንድ ላፕቶፕና ሦስት ዲስክ ገዝቶ ዲስኮቹን ሦስት ቤት ያስቀምጥ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ገበያው ከተለቀቀ ወዲህ፣ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ወራት ከ110 ባለፈበት አገር፣ ከውጭ የሚመጣ ዕቃን በአንድ ሣጥን ማከማቸት ለኪስም አይበጅ።

በፋብሪካ ተዘጋጅተው የሚሸጡት የቤት ሰርቨሮች ምቹ ናቸው፤ አልክድም። ሆኖም ኩባንያው ድጋፉን ሲያቆም ባለቤቱ ሜዳ ላይ ይቀራል። ድጋፉ እ.ኤ.አ. በ2015 የተቋረጠው ማይ ቡክ ላይቭ የተባለ ሣጥን እ.ኤ.አ. ሰኔ 2021 በኢንተርኔት በኩል ተሰብሮ በብዙ አገር ያሉ ባለቤቶች ጠዋት ሲነሡ ባዶ ዲስክ አገኙ። ስለዚህ የቤት ማስቀመጫ በኢንተርኔት በር ላይ ባይቀመጥ እመርጣለሁ፤ በቤቱ ዋይፋይ ውስጥ ይኑር።

አሁን ወደ ደጋው እንውጣ፤ ለዚህ ርእስ የራሳችን የሆነ ነገር እዚያ ነውና። የሃርድ ዲስክ ማንበቢያ ራስ የሚሽከረከረውን ሳህን አይነካም፤ ሳህኑ በሚያንቀሳቅሰው አየር ላይ ከፀጉር ውፍረት እጅግ ባነሰ፣ በናኖሜትር በሚለካ ርቀት ይንሳፈፋል። አየሩ ሲሳሳ ራሱ ወደ ሳህኑ ይቀርባል። ስለዚህ አምራቾች ብዙውን ጊዜ ዲስኩ ሊሠራበት የሚችለውን ከፍታ 3,048 ሜትር፣ ማለትም 10 ሺህ ጫማ ላይ ይወስኑታል። ይህን የሚያነብ ሰው ጥቂት ነው፤ ምክንያቱም የዓለም ሕዝብ አብዛኛው ከዚያ በታች ነው የሚኖረው። እኛ ግን የሰሜን ጎንደር ሰዎች ነን። ጎንደር ከተማ 2,100 ሜትር ገደማ ናት፤ አታሳስብም። ዳባት 2,600 ገደማ፣ ደባርቅ ከ2,800 አካባቢ፤ አሁንም በድንበሩ ውስጥ ናቸው። ከደባርቅ በላይ ወደ ሰሜን ተራሮች ሲወጡ ግን ሳንቃበር ላይ 3,200 ታልፏል፤ ጨነቅ 3,600 ይደርሳል። እዚያ የሚያስተምር መምህር፣ እዚያ ጤና ኬላ ውስጥ መዝገብ የሚይዝ ባለሙያ፣ እዚያ ደብር ውስጥ የብራና ፎቶ የሚያነሣ ዲያቆን ተራውን ሃርድ ዲስክ ቀን ከሌት ማሠራት የለበትም። ለእነሱ የሚሆነው ኤስኤስዲ ነው፤ የሚሽከረከርም የሚንሳፈፍም ነገር የለውም፤ በፈረስ ኮርቻ ላይ ቢናጥም ግድ የለው።

ኤስኤስዲ ደግሞ የራሱ ዓመል አለው። መረጃን የሚይዘው በኤሌክትሪክ ሙሌት ስለሆነ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ዓመታት ቢቀመጥ፣ በተለይ ብዙ የተሠራበት ከሆነ፣ ቀስ በቀስ ሊረሳ ይችላል። ሙቀት ይህን ያፋጥነዋል፤ የደጋው ብርድ እዚህ ላይ ወዳጅ ነው። ቢሆንም በየጥቂት ወሩ ኮምፒዩተር ላይ ሰክቶ ሙሉውን ማንበብ ያስፈልጋል። የተለየ ቀን ለማስታወስ የሚቸገር ሰው ከፋሲካና ከመስቀል ጋር ያያይዘው።

በየሱቁ «ሁለት ቴራባይት» ተብሎ በፍላሽ ዋጋ የሚሸጠውን ደግሞ አትመኑ። ቁጥሩ የተጻፈው በቀለም እንጂ በውስጡ የለም፤ ከሞላ በኋላ የገባውን እየዋጠ «ተቀምጧል» ይላችኋል። ኤፍ3 የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ካልሆነም በዚያው ቀን እሱን አስሩጡ።

ከሁሉ የከበደኝና እስካሁን ሙሉ መልስ ያላገኘሁለት የቁልፉ ጉዳይ ነው። ጦርነት ባለበት አገር ቤት ይፈተሻል፤ ዲስክ ይወሰዳል። በዲስክ ላይ ያለ የሠርግ ፎቶ እንኳ ማን ከማን ጋር እንደቆመ ይናገራል፤ የቆመበት ሰው ዛሬ የት እንዳለ ደግሞ እግዜር ያውቃል። ስለዚህ ዲስኩ በሚስጥር ቃል መቆለፍ አለበት፤ በሊኑክስ ላይ ይህ ቀላል ነው። ግን ባለቤቱ ቢሞትስ? ቢታሰርስ? ቃሉን እሱ ብቻ የሚያውቀው ከሆነ ዲስኩ ከነደደ ብራና በምን ይሻላል? ቃሉን ጽፎ ዲስኩ ጎን ማስቀመጥ ደግሞ ቤትን ቆልፎ ቁልፉን በሩ ላይ መስቀል ነው። እኔ ያደረግኩት ቃሉን በሁለት ሰዎች ዘንድ ማስቀመጥ ነው፤ አንዷ እህቴ ናት፣ ውጭ የምትኖር፤ ሌላው በዕድሜ የገፋ፣ ኮምፒዩተር የማይነካ፣ ስለዚህም ማንም የማይጠረጥረው ዘመድ ነው። ጥሩ መፍትሔ ነው አልልም። እንዲያውም ዘመዴ ወረቀቱን የት እንዳስቀመጠ ባለፈው ስጠይቀው ለረጅም ጊዜ አሰበ።

ከሁለቱም የራቀ ሦስተኛ ሐሳብ ያለው አንባቢ ቢኖር ይጻፍልኝ።

ወዳጄ በመጨረሻ ሣጥኑን ተወ። አንድ ያገለገለ ላፕቶፕ፣ ሁለት ትንንሽ ዲስክና አንድ ኤስኤስዲ ገዛ፤ የተረፈው ገንዘብ ለስታብላይዘር በቃ። አንዱ ዲስክ ከላፕቶፑ ጋር ቀበሌ አምስት ቤቱ ይቀመጣል፤ ሁለተኛው ዳባት ለእህቱ ይሄዳል፤ ኤስኤስዲውን ከሳንቃበር በላይ የሚያስተምረው ታናሽ ወንድሙ ለገና ሲመጣ ይወስደዋል። የእኔን የተረፉ 26 ካሴቶች ቅጂም በሦስቱም ላይ ጫንኩበት። መንገዱ ክፍት ከሆነ ቅዳሜ ወደ ዳባት አብረን እንሄዳለን።